በብሉይ ኪዳን የዕብራይስጥ ግጥም ስላለው ድጋምና ትይዩነት

መዝሙረ ዳዊትን በንባብ ቤት የደገመ ሰው፣ ትርጓሜው ገና ሳይገባው እንኳ፣ አንድ ነገር በጆሮው ይቀራል። ይኸውም ዘማሪው አንዱን አሳብ ተናግሮ ሳያበቃ በሌላ ቃል መልሶ የሚናገር መሆኑ ነው። ስለ ጥንታውያን ሴማውያን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ «መምህር፣ ሁለተኛውን እኩሌታ ብናስቀረው ምን ይጐድልብናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ባልንጀሮቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ልስቅበት አልቻልሁም። በውጭ አገር ተማሪ በነበርሁ ጊዜ አንድ መዝሙር ከዕብራይስጥ ስተረጕም፣ ንግግሩ እንዲያምር ብዬ ሁለቱን ሐረግ አንድ እያደረግሁ አቅርቤ ነበር። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በየኅዳጉ «የቀረው የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ ጽፈውበት አገኘሁት።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሊቃውንትን ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ይደግማልን? ወይስ ይጨምርበታል? ወይስ ሌላ ነገር ይናገራል? በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ለሁሉም ስፍራ የሚያገለግል አንድ መልስ አለመኖሩንና አንባቢው በየስፍራው መፍረድ ያለበት መሆኑን ነው። ፍርዱም ቀላል አይደለም፤ አንድ ንጉሥ በዚሁ ጉዳይ ተቈጥቶ ጦር እስከ መወርወር ደርሷል። (በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የመዝሙራቱ ቍጥር ግን እንደ ግዕዙ ነው።)

አስቀድሞ ስለ ግጥሙ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የዕብራይስጥ ግጥም እንደ አማርኛው ቤት የመምታት ግዴታ የለበትም፤ እንደ ግሪኩም የረጅምና የአጭር ድምፅ ልክ የተወሰነለት አይደለም። አንዱ ስንኝ ብዙውን ጊዜ በሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም በሦስት አጫጭር ሐረጋት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ሐረግ ጠንከር ተደርገው የሚነገሩት ቃላት ከሁለት እስከ አራት ሲሆኑ ሦስት በሦስት የሆነው እጅግ የተለመደ ነው። ካርል ቡደ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1882 እንዳመለከተው፣ በሰቈቃወ ኤርምያስና በመሰሉ የልቅሶ ግጥሞች ሁለተኛው ሐረግ አጥሮ ሦስት በሁለት ይሆናል፤ ድምፁ መካከል ላይ የሚቈረጥ ይመስላል። እንግዲህ ሐረጋቱን የሚያስተሳስራቸው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ አንዱ አሳብ ከሌላው አሳብ፣ አንዱም ቃል ከሌላው ቃል ጋር ፊት ለፊት መቆሙ ነው። ይህን ነው ትይዩነት የምንለው።

ስሙን በሊቃውንት ዘንድ ያስለመደው እንግሊዛዊው ሮበርት ሎውዝ ነው። ሎውዝ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የግጥም መምህር ሳለ ስለ ዕብራውያን ቅዱስ ግጥም በላቲን ያስተማረውን ትምህርት በ1753 አሳተመ፤ ለጠባዩም ፓራሌሊስሙስ ሜምብሮሩም፣ ማለት የአካላት ትይዩነት፣ የሚል ስም ሰጠው። ነገሩ ከእርሱ በፊት ጨርሶ ያልታወቀ አልነበረም። አዛርያ ዴ ሮሲ የተባለ ኢጣልያዊ የአይሁድ ሊቅ በ1570ዎቹ በማንቶዋ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዕብራይስጥ ግጥም የሚቈጠረው የአሳቡ ክፍል እንጂ ፊደሉ እንዳልሆነ ጽፎ ነበር፤ ሎውዝም ይህን ያውቅ ነበር።

ሎውዝ ትይዩነቱን በሦስት ከፈለው። በመጀመሪያው ወገን ሁለቱ ሐረጋት ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። በሁለተኛው ወገን፣ በመጽሐፈ ምሳሌ እንደሚበዛው፣ ጻድቅ ከኃጥእ፣ ጠቢብም ከሰነፍ ጋር እየተቃረነ ይቀርባል። በሦስተኛው ወገን ደግሞ ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ይቀጥላል ወይም ይፈጽማል። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በየመማሪያው መጽሐፍ ይገኛል። ነገር ግን ሦስተኛው ክፍል፣ እንደሚመስለኝ፣ ከሁለቱ የተረፈው ሁሉ የሚጣልበት ቅርጫት ነው፤ የተረፈውም ከተመደበው ሳይበዛ አይቀርም።

ሎውዝ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ በተለይ እኛን ይመለከተናል። ግጥም በቋንቋው ድምፅ ላይ ብቻ ቢመሠረት ኖሮ በትርጕም ይጠፋ ነበር፤ ትይዩነት ግን በአሳብ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራል። መዝሙረ ዳዊት ወደ ግዕዝ የተተረጐመው ከግሪኩ እንደ መሆኑ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ሐረጋት አሁንም ፊት ለፊት እንደ ቆሙ ናቸው። የብራና መዝሙረ ዳዊት የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። ጸሐፊው ገጹን በአንድ ዓምድ ይዞ ሐረጉን በየመስመሩ ስለሚጽፍ የቀኙ ኅዳግ አንድ ጊዜ ገባ አንድ ጊዜ ወጣ ያለ ይሆናል። በግዕዝ መዝሙር ሲጸልዩ የኖሩት ቤተ እስራኤልም የዕብራይስጡን ግጥም ቅርጽ ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው።

ከቅኔያችን ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። በሰምና ወርቅ አንዱ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ በዕብራይስጡ ትይዩነት ግን ሁለት ቃል አንዱን ነገር ይሸከማል። ስለዚህም ቅኔ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ወይ ሰሙ ወይ ወርቁ ይቀራል፤ የዳዊት መዝሙር ግን ሁለቱንም ትከሻ ይዞ ይሻገራል። በቅኔ ቤት ያደገ አእምሮ ደግሞ በእያንዳንዱ ቃል ሥር የተሰወረ ሌላ ነገር መፈለግ ልማዱ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን የንጉሡን ነገር እንመልከት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ ዳዊት ፍልስጥኤማዊውን ገድሎ በተመለሰ ጊዜ ሴቶች ከየከተማው ወጥተው በከበሮ ሲዘፍኑ ነበር። ዘፈናቸው አንድ ስንኝ ብቻ ሲሆን በመጀመሪያው ሐረግ ሳኦልን ከሺሆች ጋር፣ በሁለተኛው ሐረግ ዳዊትን ከእልፎች ጋር አያይዞ ያነሣል። ሳኦል ይህን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ለእርሱ የሚቀረው መንግሥቱ ብቻ ነው ብሎም አሰበ፤ በማግሥቱም ዳዊት በገና ሲመታ ሳለ ጦር ወረወረበት። ልማዳችን ነገሩን እንደ ሳኦል መስማት ነው፤ ሴቶቹ አነጻጸሩ፣ ንጉሡንም አሳነሱት እንላለን።

ስታንሊ ጌቪርትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተያየት ተቃወመ። ሺህና እልፍ በከነዓናውያንና በዕብራውያን ግጥም ተያይዘው የሚመጡ ቃላት ናቸው፤ ባለቅኔው በመጀመሪያው ሐረግ ሺህ ካለ በሁለተኛው እልፍ ማለቱ ወግ ነው፤ እንግዲህ ሴቶቹ ሁለቱን ሰዎች በአንድነት አመሰገኑ እንጂ አንዱን ከሌላው አላስበለጡም ይላል። (የዕብራይስጡ ኤሌፍ ሺህ ሲሆን የእኛው እልፍ ዐሥር ሺህ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ልብ ይሏል፤ ሥሩ አንድ ሆኖ ልኩ ተለያየ። በዕብራይስጥ ዐሥር ሺሁ ሬቫቫ ይባላል።)

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከሁለቱ ስሞች መጀመሪያ መጠራት ያለበት የማን ነው? የንጉሡ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። የግጥሙ ወግ ደግሞ ታላቁን ቍጥር ብዙውን ጊዜ ለሁለተኛው ሐረግ ይሰጣል። ስለዚህ ለሳኦል ክብር ሲባል ስሙ ቀደመ፤ ስሙም ስለ ቀደመ ታናሹ ቍጥር ደረሰው። ሴቶቹ ንጉሡን ሁለተኛ አድርገው ሊጠሩት አይችሉም ነበር፤ ቍጥሩንም ሊገለብጡት አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ሳኦልን ግጥም የማያውቅ ሰው ነው ማለት አይገባም። ሁለት ስሞች በሁለት ቍጥሮች አጠገብ ከቆሙ ጆሮ ማነጻጸሩ አይቀርም፤ የፈራ ሰው ጆሮማ ይልቁንም። ይኸው ዘፈን በምዕራፍ 21 በጌት ንጉሥ አገልጋዮች፣ በምዕራፍ 29 ደግሞ በፍልስጥኤም መኳንንት አፍ ተደግሞ ይገኛል፤ እነዚህም ዳዊትን አስፈሪ ሰው አድርገው ነው የሰሙት። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሴቶቹ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ግን አንድ ጊዜም አልነገረንም።

የጌቪርትዝ ክርክር የቆመው በአንድ ታላቅ ግኝት ላይ ነው። በ1928 በሶርያ የባሕር ዳርቻ አንድ ገበሬ ሲያርስ ጥንታዊ መቃብር አገኘ፤ በ1929 ክሎድ ሼፈር የተባለ ፈረንሳዊ ራስ ሻምራ በተባለው ኰረብታ ቍፋሮ ጀመረ፤ ከዚያም የኡጋሪት ከተማ ተገለጠች። በሸክላ ሰሌዳዎች ላይ የተገኘው የፊደል ጽሕፈት በባወር፣ በዶርምና በቪሮሎ ጥረት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተነበበ። ሰሌዳዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፉ ሲሆኑ በውስጣቸው ረጃጅም የአማልክት ግጥሞች ነበሩ። ግጥሞቹም በትይዩነት የተሠሩ ናቸው። ከዚህ የሚበልጠው አስደናቂ ነገር ግን፣ በዕብራይስጥ ግጥም ተያይዘው የሚገኙት ብዙዎቹ ቃላት በኡጋሪትም ተያይዘው መገኘታቸው ነው፤ ቤትና ሄኻል (የግዕዙ ሃይከል ዘመድ)፣ ራስና ዐናት፣ ሺህና እልፍ። ሩቅ መንገድ ሲለካ እንኳ ሺህ እርሻ ካለ በኋላ ዐሥር ሺህ የሚል ሌላ መለኪያ ያስከትላል፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ከእነዚህ ጥንዶች መካከል እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ባሕርና ወንዝ የሚለው ነው። በኡጋሪት የባሕሩ አምላክ በመጀመሪያው ሐረግ ልዑል ባሕር፣ በሁለተኛው ሐረግ ዳኛ ወንዝ እየተባለ ይጠራል፤ ሁለት ስም ያለው አንድ አምላክ ነው። በእስራኤል ዘማሪ ዘንድ አምላክነቱ ቀርቶ ጥንዱ ብቻ ተረፈ። በመዝሙር 23 መጀመሪያ ምድር በባሕሮችና በወንዞች ላይ እንደ ጸናች ይነገራል፤ በመዝሙር 113 ባሕሩ ሲሸሽ ዮርዳኖስ ወደ ኋላው ይመለሳል። በዚህ በሁለተኛው ስፍራ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ከግብፅ የመውጣት፣ ሌላው ወደ ከነዓን የመግባት መታሰቢያ ነው፤ በመካከላቸውም አርባ ዓመት አለ። የጥንቱ የቃላት ጥንድ ሁለት ታሪክ እንዲሸከም ተደርጓል።

እንዲህ ያለው በወግ የተያያዘ የቃላት ጥንድ የሴማውያን ብቻ አይደለም። ጄምስ ፎክስ ከ1965 ጀምሮ ባጠናት በኢንዶኔዥያዋ ሮቴ ደሴት የሥርዐት ግጥም የሚያውቅ ሽማግሌ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ማወቅ ግዴታው ነው። በፊንላንዳውያን የጥንት ዘፈኖችም፣ በአገራችንም በኦሮሞ ሕዝብ የቃል ግጥምና ምርቃት ትይዩነት ጐልቶ ይሰማል። ይህ ሰፊ ጥናት የሚገባው ነገር ነው፤ እዚህ ግን አልፈዋለሁ።

ስለ ቍጥር አንድ ነገር ማከል ይገባል። ለቤት ሃይከል፣ ለእጅ ቀኝ የሚል አቻ ይገኛል፤ ለሦስት ግን አቻ ቃል ከየት ይመጣል? ባለቅኔው አንድ ይጨምርና አራት ይላል። ትንቢተ አሞጽ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ስምንት ጊዜ ሦስትንና አራትን አከታትሎ ይጠራል፤ የሕዝቦቹን ኃጢአት ሲዘረዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት አይሞላም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 ደግሞ ይኸው አነጋገር ይመጣና ከኋላው በትክክል አራት ነገሮች ይቈጠራሉ። አንዱ ቅርጽ በአንዱ ስፍራ ወግ ብቻ ነው፤ በሌላው ስፍራ እውነተኛ ሂሳብ ነው።

ጄምስ ኩገል በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ሎውዝን አጥብቆ ነቀፈ። ሁለተኛው ሐረግ «ይህ ብቻ አይደለም፣ ከዚህም በላይ» ይላል እንጂ ያንኑ አይደግምም ሲል ተከራከረ። ሮበርት ኦልተር በ1985 ይህን አስፋፍቶ፣ ሁለተኛው ሐረግ ብዙውን ጊዜ ወደ ተለየው፣ ወደ ጠበበውና ወደ ጠነከረው እንደሚሄድ አሳየ። በዚያው ዓመት አደል በርሊን ደግሞ ትይዩነት በአሳብ ብቻ ሳይሆን በሰዋስውና በድምፅም እንደሚሠራ ጻፈች።

ለኦልተር አስተያየት ከሁሉ የተሻለው ምስክር በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 የሚገኘው የዲቦራ መዝሙር ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ከዕብራይስጥ ግጥሞች ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት ይቈጥሩታል። የተሸነፈው የጦር አለቃ ሲሣራ ወደ ኢያዔል ድንኳን ሸሽቶ ይገባል። ውሃ ይለምናል፣ ወተት ትሰጠዋለች (ሐላቭ፣ የግዕዙ ሐሊብ)፤ በሚቀጥለው ሐረግ ወተቱ በመኳንንት ሣህን የቀረበ እርጎ ይሆናል። መስተንግዶው በየሐረጉ ከፍ ይላል። ከዚያ እጇን ወደ ድንኳን ካስማ ትዘረጋለች፤ ቀኟንም ወደ ሠራተኛ መዶሻ። እጅና ቀኝ፣ በግዕዝ እድና የማን፣ የተለመደ ጥንድ ነው። አንድ እጅ ናት ወይስ ሁለት? አንዳንድ ሊቃውንት አንድ እጅና አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፣ የምዕራፍ 4 ዝርው ትረካ ግን ግጥሙን ቃል በቃል ወስዶ ካስማና መዶሻ አደረገው ብለዋል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ካስማ ያለ መዶሻ አይተከልምና ሁለቱም እጆች ያስፈልጋሉ። በዚህ ስፍራ ሁለተኛው ሐረግ እውነተኛ ሁለተኛ እጅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሲሣራ ሲወድቅ ባለቅኔው አቻ ቃል መፈለጉን ይተዋል፤ ያንኑ ቃል ይደጋግማል። በአንድ ቍጥር ውስጥ ተንበረከከ የሚለው ሦስት ጊዜ፣ ወደቀ የሚለው ሦስት ጊዜ፣ ተኛ የሚለውም አንድ ጊዜ ይገኛል። ሰውየው እየወደቀ አይጨርስም። ወዲያው ትዕይንቱ ወደ ሲሣራ እናት ይዞራል፤ በመስኮት ቆማ ሠረገላው ለምን ዘገየ ትላለች፤ ስለ ምርኮው ስታልም ምርኮ የሚለው ቃል አራት ጊዜ ይመላለሳል። አድማጩ የልጇን አወዳደቅ አሁን ሰምቶ ሳይጨርስ ነው። እንዲህ ያለውን ድጋም የሚቈርጥ ተርጓሚ እናትየዋን ከመስኮቱ ያወርዳታል።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ለእኛ ቅርብ ስለ ሆነ በጥንቃቄ እናገረዋለሁ። በትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 9 ቍጥር 9 ትሑቱ ንጉሥ በአህያ ተቀምጦ እንደሚመጣ ይነገራል፤ በተከታዩ ሐረግ አህያው የአህያ ልጅ ውርንጫ ይባላል። በዕብራይስጡ ግጥም ወግ እንስሳው አንድ ነው፤ በመካከል ያለው ‹ዋው› ‹እና› ብቻ ሳይሆን ‹ይኸውም› ሊሆን ይችላል። ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ አንድ ውርንጫ ብቻ ይጠቅሳሉ፤ ዮሐንስ ትንቢቱን ሲያነሣ አሳጥሮታል። በማቴዎስ ምዕራፍ 21 ግን አህያይቱም ውርንጫይቱም ይመጣሉ።

ከዚህ ተነሥተው ወንጌላዊው ትይዩነትን አላወቀም የሚሉ አሉ። ይህ ፍርድ ለእኔ የችኰላ ፍርድ ነው። ኩገል እንዳስረዳው፣ የጥንት አይሁድ መምህራን በቅዱስ መጽሐፍ ትርፍ ቃል የለም ብለው ያምኑ ስለ ነበር ለሁለተኛው ሐረግ የራሱን ነገር ይፈልጉለት ነበር። የማቴዎስ ንባብ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ነው ቢባል ይበልጥ ያስኬዳል። የእኛም የአንድምታ ሊቃውንት መንገድ ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል ካገኙ ለእያንዳንዱ ምሥጢር ይሰጡታል እንጂ «ደገመው» ብለው አያልፉትም። ከላይ ስለ ቅኔ ቤት አእምሮ የተናገርሁት ለዚህ ነበር። ግጥሙ ሲዘመር ምን ማለቱ ነበር ብሎ የሚጠይቅና መጽሐፉ ለምእመናን ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንዱን ስንኝ ሁለት ዓይነት ያነቡታል። አንዱ የሌላውን ንባብ ስሕተት ከማለቱ በፊት ጥያቄው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ስለ አዝማች ጥቂት ብቻ ልበል። በመዝሙር 135 ሃያ ስድስቱ ቍጥሮች ሁሉ በአንድ ዐይነት ሐረግ ያልቃሉ፤ ይህ ከትይዩነት ይልቅ የጉባኤ ተሰጥዎ ነው። በ1956 በቁምራን 11ኛው ዋሻ በተገኘው የመዝሙር ጥቅል ላይ መዝሙር 144 በየቍጥሩ አዝማች ተጨምሮበት ይገኛል፤ በኋለኛው የዕብራይስጥ ንባብ የጐደለው፣ በግሪኩ ግን ተጠብቆ የኖረው የ‹ኑን› ፊደል ቍጥርም እዚያው ተገኝቷል።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። እርሱና ባልንጀሮቹ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ሲተረጕሙ የሚቸገሩት በድጋሙ ብዛት ሳይሆን በአቻ ቃል እጥረት ነው። መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 4 በሁለት ቍጥር ውስጥ አንበሳን በአምስት ልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል። በአማርኛ አንበሳ እንላለን፤ ግልገሉን ደቦል እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ሴቲቱን፣ ሽማግሌውን፣ የሚያገሣውን እያልን በቅጽል መርዳት ይኖርብናል። ቅጽል ግን ሐረጉን ያስረዝመዋል፤ ሦስት ቃል በሦስት ቃል የነበረው ሚዛን ይፈርሳል። በእንዲህ ያለው ስፍራ እኔ አንበሳ የሚለውን ቃል ሳልፈራ መድገም እመርጣለሁ። የዲቦራ መዝሙር ባለቅኔ አቻ ቃል ሳያጣ ያንኑ ቃል ከደገመ፣ አቻ ቃል ያጣ ተርጓሚ ቢደግም አይነቀፍም።